እጅ የሚያውቀው ግድግዳ

እማዬ ከድሬዳዋ ወደ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ወዳለችው ሲልቨር ስፕሪንግ የመጣችው አምና በሰኔ ነው። በርበሬውና ሽሮው ከየፌስታሉ ወጣ፤ ቡና ተፈላ። ከዚያ ክፍሏን ላሳያት ወሰድኳት። ክፍሉ ጨለማ ነበር። ከእኔ ቀድማ ገባችና ቀኝ እጇን በሩ አጠገብ ወዳለው ግድግዳ ሰደደች። ዳበሰች። ማብሪያ ማጥፊያውን አግኝታ አበራችው። መዳበሷን ግን አላቆመችም።

«ምን ፈልገሽ ነው እማ?»

«የቬንትሌተሩ ማዞሪያ የታል?»

ማዞሪያ አልነበረም። ከኮርኒሱ መሃል የሚወርደው ቬንትሌተር ከሥሩ መብራት ያለበት፣ በአሜሪካ ቤቶች የተለመደው ዓይነት ነው። ሁለት ቀጫጭን ሰንሰለቶች ተንጠልጥለውበታል። አንዱ የመብራቱ ነው፤ ሌላው የክንፉ። በሩ አጠገብ ያለው ማብሪያ ማጥፊያ ደግሞ ለሁለቱም አንድ ነው፤ እሱ ሲጠፋ ሁለቱም ይጠፋሉ። መብራት አጥፍቶ ንፋሱን ማስቀረት የፈለገ ሰው ሰንሰለት መሳብ አለበት። የቬንትሌተር ክንፍ ደግሞ ከወለሉ ቢያንስ 7 ጫማ፣ ማለትም ከ2 ሜትር በላይ ከፍ ማለት ስላለበት ሰንሰለቱም ሩቅ ነው። እማዬ ዕድሜዋን ሙሉ ስፌት መኪና ላይ ያጎነበሰች ሴት ናት። ቀኝ እጇ ከትከሻዋ በላይ አይወጣም።

«እኔ እስብልሻለሁ» አልኳት። ግን የምሠራው ሆስፒታል ነው። በሳምንት ሦስት ሌሊት ቤት አላድርም።

ብዙዎቻችን ወላጆቻችንን እናመጣለን። አልጋውን፣ ብርድ ልብሱን፣ ነጠላ ጫማውን እናዘጋጃለን። ግድግዳውን ግን አናስብም። እኔም አላሰብኩም ነበር።

ያደግኩት ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ነው። የድሬን ሙቀት የሚያውቅ ያውቀዋል። ቤታችን ሳሎኑ መሃል ላይ ባለ ሦስት ክንፍ ነጭ ቬንትሌተር ነበረን። ማዞሪያው በሩ አጠገብ፣ ከመብራቱ ማጥፊያ ቀጥሎ ነው። ከ1 እስከ 5 ቁጥር ተጽፎበታል። ብዙ ሰዓት ከሠራ ይሞቃል፤ የድሮው ማዞሪያ ኤሌክትሪኩን የሚቀንሰው የተረፈውን ወደ ሙቀት ቀይሮ ስለሆነ ነው። ቁጥሩን ማንም አያየውም። በእጃችን ቀጭ፣ ቀጭ ሲል እንቆጥራለን። 1 ሕፃን ሲተኛ ነው። 5 ከምሳ በኋላ፣ ከተማው ሁሉ ጥላ ውስጥ ሲገባ። እማዬ ስትሰፋ ግን ሁልጊዜ 2 ነው። ከ2 ካለፈ የቆረጠችው የወረቀት ልክ ከጠረጴዛው ይበራል። እኛ ልጆቹ በሩጫ መጥተን 5 ላይ ስናደርገው መቀሷን ወረቀቱ ላይ ጣል አድርጋ፣ ቀና ሳትል «ሁለት!» ትለናለች።

ታዲያ የሲልቨር ስፕሪንግን ግድግዳ ስትዳብስ እጇ ያንን ማዞሪያ እየፈለገ ነበር።

ኤሲ አለን። እማዬ አትወደውም። «ብርዱ አጥንቴ ውስጥ ይገባል» ትላለች። የሜሪላንድ ክረምት ደግሞ፣ ማለቴ የእነሱ በጋ፣ ሙቀቱ ላይ እርጥበት ይጨምርበታል፤ ላብ አይደርቅም። ቬንትሌተር አየሩን አያቀዘቅዝም። አየሩን ቆዳችን ላይ ያንቀሳቅሳል፣ ላባችን ይተናል፣ ያኔ ይቀዘቅዘናል። ስለዚህ ሰው ለሌለበት ክፍል ቬንትሌተር ማዞር ትርጉም የለውም። ሰው ካለበት ግን የአሜሪካ ኢነርጂ ሚኒስቴር እንደሚለው ምቾት ሳይቀንስ ኤሲውን ወደ 4 ዲግሪ ፋረንሃይት ያህል ከፍ ማድረግ ይቻላል። ለእማዬ የሚሻለው ቬንትሌተሩ እንደሆነ ግልጽ ነበር። የቀረው እንዴት እንደምታዘው ነው።

መጀመሪያ የሞከርኩት በስልክ የሚታዘዙ አምፖሎችን ነው። ቀላል ነው፤ የድሮውን ፈትቶ አዲሱን ማጥበቅ ብቻ። አንድ ቀን እንኳን በወጉ አልሠሩም። እንዲህ ያለ አምፖል ስልክ የሚሰማው ኤሌክትሪክ እስካለው ድረስ ነው። እማዬ ደግሞ ከክፍል በወጣች ቁጥር ግድግዳው ላይ ታጠፋለች። መብራት በከንቱ ሲበራ ማየት አይሆንላትም። እሷ ስታጠፋው አምፖሉ ይሞታል፤ ቬንትሌተሩም አብሮ ይቆማል። ማጥፊያው ላይ «አይነካም» ብሎ ወረቀት መለጠፍ የሚመክሩ አሉ። እናቴን በቤቷ መብራት አታጥፊ ማለት አልፈለግኩም።

ቀጥሎ ሪሞት መጣ። ኮርኒሱ ላይ ባለው የቬንትሌተሩ ቆብ ውስጥ ሪሞቱን የሚሰማ ተቀባይ ይገባል፣ ሪሞቱ አልጋ አጠገብ ይቀመጣል። የሪሞቱን ምልክት ቀድቶ ከስልኬ የሚልክ ትንሽ ሳጥንም ጨመርኩበት። ለሁለት ሳምንት ደስ ብሎን ነበር።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ የሆነውን እስካሁን ሳስበው ሆዴን ይበላኛል። ሌሊት ተረኛ ነኝ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ስልኬን ሳይ የእማዬ ክፍል መብራት «በርቷል» ይላል። እንቅልፍ ጥሏት ነው ብዬ አጥፋ የሚለውን ነካሁ። «ጠፍቷል» አለ። ስልኬን ኪሴ ከትቼ ወደ በሽተኞቼ ሄድኩ።

እውነቱ የተገላቢጦሽ ነበር። እማዬ መብራቱን ቀደም ብላ በሪሞቷ አጥፍታ ተኝታለች። የዚያ ሪሞት የመብራት ቁልፍ የሚልከው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «ገልብጥ» ይላል። የበራ ካለ ይጠፋል፣ የጠፋ ካለ ይበራል። ተቀባዩ ደግሞ መልሶ አይናገርም። ስልኬ እሷ ማጥፋቷን የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። እኔ «አጥፋ» ብዬ የነካሁት ቁልፍ ጨለማ ውስጥ በተኛች ሴት አናት ላይ መብራት አበራ።

ወዲያው አልነገረችኝም። ከሁለት ቀን በኋላ ሽንኩርት እየከተፈች «ያን ሌሊት መብራቱ በራሱ በራ» አለችኝ። ቤት ውስጥ ሰው የገባ መስሏት ነበር። ሪሞቱ አጠገቧ እያለ አልነካችውም። ዳዊቷን ይዛ እስኪነጋ ድረስ ቁጭ ብላ አደረች። የማታውቀው አገር፣ የማታውቀው ቤት፣ ብቻዋን።

ሳጥኑን በዚያው ቀን ነቀልኩት።

በድምፅስ? ሰዎች ይህን ደጋግመው ጠይቀውኛል። ሳሎን ያለው ስፒከር እኔን ይሰማኛል፤ በእንግሊዝኛ አዘዋለሁ፣ ይሠራል። ቅንብሩ ውስጥ ገብቼ ቋንቋዎቹን አንድ በአንድ አየሁ። አማርኛ የለም። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2017 በድምፅ መጻፍን ለአማርኛ ከጨመረ ዓመታት አልፈዋል። እማዬም በስልኳ ለእህቷ መልእክት የምትጽፈው እየተናገረች ነው፤ ስልኩ ጥሩ አድርጎ ይጽፍላታል። አማርኛን መስማት እንደሚቻል በእጇ ይዛዋለች። ስፒከሩ ግን አይሰማትም። አንድ ቀን ከሱ ፊት ቆማ ረጋ ብላ «መብራት» አለችው። ያዳመጠውን የሚመዘግብበትን ገጽ ከፈትኩ። «ሜይ ብራይት» ብሎ ጽፏል። «ሜይ ብራይት» ሲባል መብራቱ ይብራ የሚል ትእዛዝ አስገባሁለት። ከአምስት ጊዜ ሁለቴ ያህል ሠራ። በቀረው እንግሊዝኛ መለሰላት። እሷም ወደ እኔ ዞራ «ምን አለኝ?» ትላለች። እናቴ ክፍሏ ውስጥ መብራት ለማብራት አስተርጓሚ እንዲያስፈልጋት አልፈልግም። ቋንቋችን በእነዚህ ዕቃዎች ውስጥ መግባት አለበት፤ የአዛውንቶቻችን ጉዳይ ነውና እንደ ትርፍ ነገር መታየት የለበትም። እስኪገባ ድረስ ግን እማዬ መተኛት ነበረባት።

መፍትሔውን ያመጣችው ራሷ ናት። ቡና ላይ ሆነን ስለ ሲንጀር መኪናዋ ታወራለች። በእግር የሚረገጠው፣ ጥቁሩ፣ ወርቃማ ሐረግ የተሳለበት። እኔ ትንሽ ልጅ ሳለሁ አንድ መካኒክ ትንሽ ሞተር ገጥሞላት ነበር።

«ሲገጥምልኝ ምን አልኩት መሰለሽ? ፔዳሉን እንዳታነሳው አልኩት። ሞተሩን በጎን ግጠምልኝ፣ እግሬን ግን ተውልኝ።»

ትዝ አለኝ። መብራት ሲሄድ ሰፈሩ ሁሉ ኡኡ ይላል። እማዬ ቺንጋውን ወደ ትልቁ ጎማ ትመልስና በእግሯ ትቀጥላለች። ልብሱ ለበዓል ይደርሳል። መብራት ሲመጣ ወደ ሞተሩ ትመለሳለች። ስንት ሰርግ፣ ስንት ጥምቀት በዚያ መኪና አለፈ።

እኔ ያደረግኩት የዚያን ተቃራኒ ነው። አምፖሉም ሪሞቱም ሞተሩን ገጥመው ፔዳሉን የነቀሉ ነበሩ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ለእማዬም ስነግራት ዓይኗ በርቷል። በኤሌክትሪክ የሚሠራውን የኮርኒስ ቬንትሌተር እ.ኤ.አ. በ1882 የሠራው ፊሊፕ ዲል የሚባል ከጀርመን ወደ አሜሪካ የሄደ መሐንዲስ ነው። ይሠራ የነበረው በሲንጀር ኩባንያ ነው። ለስፌት መኪና የሠራውን ሞተር አስተካክሎ፣ ክንፍ ገጥሞ ኮርኒስ ላይ ሰቀለው። ኋላም መብራት ጨመረበት። እማዬ ቀና ብላ ቬንትሌተሩን ለረጅም ጊዜ አየችውና «ዘመዳችን ነዋ!» አለች።

ኤሌክትሪሽያን ጠራሁ። ፈቃድ ያለው፣ አዲስ አበባ ሙያውን ተምሮ እዚህ እንደ አዲስ የተፈተነ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። ካቻቢቴውን ሳያነሳ መጀመሪያ ቴስተሩን በሚሠራ ሶኬት ላይ ሞከረ። ከዚያ ብሬከሩን አጠፋ። ከዚያ ማጥፊያው ላይ በቴስተሩ አረጋገጠ። «ብሬከር አጥፍቻለሁ ማለት ሽቦው ሞቷል ማለት አይደለም» አለኝ። «ቴስተሩ ራሱ እንደሚሠራም እወቂ። የተበላሸ ቴስተር ሁሉንም ነገር ሞቷል ይልሻል።»

ማጥፊያው ያለበት የግድግዳ ሳጥን ሁለት ቦታ ያለው ነው፤ አንዱ በባዶ ሽፋን ተዘግቷል። ሽፋኑን ሲያነሳ ጫፉ በቆብ የተዘጋ ቀይ ሽቦ ወጣ። መሰላል ላይ ወጥቶ የቬንትሌተሩን ቆብ ሲያወርድ ያው ቀይ ሽቦ እዚያም ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ቤቱን የሠራው ሰው አንድ ቀን መብራትና ቬንትሌተር ለየብቻ ይሆናሉ ብሎ አስቦ ዘርግቶት ነበር። ማንነቱን አላውቅም። አመሰገንኩት።

«አሁን ይሄን እይ» አለኝ ጋሼ፣ ከቬንትሌተሩ የሚወርደውን ሰማያዊ ሽቦ በጣቱ ይዞ። «አገር ቤት በተማርነው በአውሮፓው ልማድ ሰማያዊ ኒውትራል፣ ማለት ኤሌክትሪኩን የሚመልሰው ሽቦ ነው። እዚህ ኒውትራሉ ነጩ ነው። ሰማያዊው የመብራቱ ፌዝ፣ ኤሌክትሪኩን ይዞ የሚመጣው ነው። ስንት ልጅ አገር ቤት እንደለመደው ብሎ ሲነካ አይቻለሁ። 120 ቮልት ነው ብለሽ አትናቂው። እሱም ይገድላል።»

ጥቁሩን ለሞተሩ፣ ቀዩን ከሰማያዊው ጋር ለመብራቱ አገናኘ። ኮርኒሱ ውስጥ ያለውን ሳጥንም አየ፤ ቬንትሌተር ለመሸከም የተሠራ መሆኑ ላዩ ላይ ተጽፏል። ያ ጽሑፍ ባይኖር ሥራውን እንደማይቀጥል ነገረኝ። የመብራት ብቻ ሳጥን የሚሽከረከር ነገር ሲሰቀልበት ቀስ በቀስ ይላላል።

ሰዎች ብዙ የሚሳሳቱበት አንድ ቦታ አለ። የመብራት ማደብዘዣ ለቬንትሌተር ሞተር አይሆንም። ማደብዘዣ ኤሌክትሪኩን በሰከንድ ብዙ ጊዜ እየቆራረጠ ነው የሚቀንሰው። አምፖል ይችለዋል። ሞተር ግን ያንጎራጉራል፣ ይሞቃል፣ ውሎ አድሮም ይቃጠላል። ለቬንትሌተር የተሠራው መቆጣጠሪያ በውስጡ ካፓሲተሮች፣ ማለትም ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ትናንሽ ክፍሎች አሉት፤ ፍጥነቱን ደረጃ በደረጃ፣ ያለ ድምፅ ይቀይራል። ስለዚህ ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች ገዛን፤ አንዱ ለክንፉ፣ አንዱ ለመብራቱ። ሰንሰለቶቹን አንዴ ለመጨረሻ ጊዜ ስበን ክንፉን ከፍተኛው ላይ፣ መብራቱን ማብሪያው ላይ ተውናቸው። ከዚህ በኋላ ሥራው የግድግዳው ነው። ቬንትሌተራችሁ በዲሲ (በቀጥተኛ ጅረት) ሞተር የሚሠራ አዲስ ዓይነት ከሆነ ግን ይህ መንገድ አይሆንም፤ እሱ የራሱ ተቀባይ አለው።

ጋሼ ከመሰላሉ ወረደና ወደ እማዬ ዞረ። «እማማ፣ የቬንትሌተሩን በየት በኩል ላድርግልዎ?»

እማዬ አልመለሰችለትም። ከክፍሉ ወጣች። ተመልሳ ገባች፤ ዓይኗን ጨፍና። እጇን ወደ ግድግዳው ሰደደች። ያረፈበት ቦታ ላይ ጣቷን ተወችው።

«እዚህ።»

እዚያ ሆነ።

መቆጣጠሪያው የሚዞር ሳይሆን የሚጫን ነው፤ አራት ፍጥነትና አንድ ማጥፊያ። በጨለማ ለመለየት አስቸገራት። በማግስቱ የመርፌ ቆርቆሮዋን ከፍታ ትንሽ የሸሚዝ ቁልፍ መረጠች። ሁለተኛው ፍጥነት ላይ በማጣበቂያ ለጠፍኩላት። አሁን እጇ ግድግዳው ላይ ሲያርፍ መጀመሪያ የሚያገኘው ያንን ነው። ሁለት።

ስልኩም አልቀረም። ሞተሩ በጎን ተገጥሟል። ሁለቱ መቆጣጠሪያዎች ቤት ውስጥ ካለ ትንሽ ማዕከል ጋር በሬዲዮ ይነጋገራሉ። ኢንተርኔት ቢጠፋም፣ ማዕከሉ ቢነቀልም ግድግዳው ይሠራል። ክፍሉ ከ78 ዲግሪ ፋረንሃይት ሲያልፍ ቬንትሌተሩ ራሱ 2 ላይ ይነሳል፤ ሊነጋጋ ሲል ወደ 1 ይወርዳል። ሌሊት እግሯን ከአልጋ ስታወርድ መብራቱ በጣም ደብዝዞ ይበራል፣ ነጠላ ጫማዋን ለማግኘት ያህል። እሷ በእጇ ከነካችው ደግሞ እስኪነጋ ድረስ የእኔ ትእዛዝ ሁሉ ዝም ይላል። ይህን መጀመሪያ ያስገባሁት ነው። ዕቃ ልትገዙ ያሰባችሁ የተለያዩ ፋብሪካዎች ዕቃ እርስ በርሱ እንዲግባባ የወጣውን ማተር የተባለ ደረጃ እዩ፤ ቬንትሌተር የተጨመረበት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 ነው። ከሁሉ በፊት ግን ሻጩን አንድ ነገር ጠይቁ፤ በእጅ ስነካው ለስልኩ ይነግረዋል ወይ?

የእኛ ይናገራል። እማዬ 2 ላይ ስታደርገው ስልኬ 2 ይላል። አሁን ሌሊት ሆስፒታል ሆኜ ሳይ የማየው እውነቱን ነው። «1» ካለ ተኝታለች። መብራቱ ከበራ ተነስታለች።

ይህ ግን ሌላ ነገር አመጣብኝ። እናቴን ሳታውቅ ማየት ልክ አልመሰለኝም። ነገርኳት። ስልኩን ከፍቼ አሳየኋት፤ ሄደሽ አብሪው፣ እዚህ ይታያል አልኳት። አበራች፣ መጣች፣ አየች። ዝም ብላ ቆየች። ካልፈለግሽ አጠፋዋለሁ አልኳት።

«ሥራ ላይ ሆነሽ ይታይሻል ማለት ነው?»

«አዎ።»

«እንዲያ ከሆነ ጠዋት ለጸሎት ስነሳ ሁለት ጊዜ አብርቼ አጠፋዋለሁ። ደህና አደርኩ ማለት ነው። አንቺም ሐሳብ አይግባሽ።»

እና እንደዚያ ታደርጋለች። ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ፣ የሌሊቱ ድካም እግሬ ላይ ሲወርድ፣ ስልኬን አወጣለሁ። 5:04 ይላል። በርቷል። ጠፍቷል። በርቷል። ጠፍቷል።

ባለፈው ማክሰኞ ግን ሦስተኛ ጊዜ በርቶ ቀረ። አምስት ደቂቃ ጠበቅኩ። አልጠፋም። ኮሪደር ላይ ወጥቼ ደወልኩ።

«እማ፣ ምን ሆንሽ?»

«ምንም አልሆንኩም። የዩኒፎርምሽ ቁልፍ ላልቶ አየሁትና ልሰፋልሽ ስል መርፌው ወደቀብኝ። ቆይ፣ አትዝጊው… አገኘሁት።»